ወንዱ ለአባት፣ ሴቷ ለእናት?

ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ውሃ ነው። አፋፉ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ይነጋገራሉ። አንዱ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ የባንጃ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢው ብዙ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ እንቢ ያሉትንም አለያይተዋል። ሌላዋ የእህታቸው ልጅ ስትሆን እንጅባራ በጥብቅና ትሠራለች። ሽማግሌው በመጪው ሰኞ የአንድ ባልና ሚስትን ነገር ለመጨረስ ይቀመጣሉ። ባልና ሚስቱ ለመፋታት ቆርጠዋል። የአሥራ አንድ ዓመት ወንድና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። ሚስትየዋ ትንሿን ይዛ ዳንግላ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ቀርቷል።

ሽማግሌው፦ ንብረቱ ተጠናቋል ማለት ይቻላል። በሬው ሁለት ነው፣ አንድ አንድ ደረሳቸው። ፈረሱ ለእሱ፣ ላሟ ለእሷ። የእርሻ መሬቱ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ስላለ አላከራከረም። የያዘን የዲከረንሱ ዛፍ ነው። የተተከለው ባልየው ከአባቱ ባገኘው ማሳ ላይ ነው፤ ለከሰል ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። እሱ «መሬቱ የአባቴ ነው» ይላል። እሷ «ችግኙን በጀርባዬ አመላልሼ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ የተዘራውን ጤፍ አርሜ ያሳደግሁት ነው» ትላለች። ደጋግመን ተቀምጠን አልቋጨነውም።

ጠበቃዋ፦ እሱን እኔ ላቅልልዎት፣ ጋሼ። ማሳው የግሉ ይዞታ ቢሆን እንኳ በትዳር ዘመን በሁለቱ ልፋት የተገኘው፣ ከግል ንብረት የተገኘው ፍሬም ጭምር፣ የጋራ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ይላል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995ም በዚህ ነገር የተለየ መንገድ አልያዘም። ዛፉን ዛሬ አስገምታችሁ ማካፈል፣ ወይም ደርሶ ሲሸጥ ይካፈሉ ብሎ መጻፍ ይቻላል። የልጆቹንስ ነገር ስንት ጊዜ ተቀመጣችሁበት?

ሽማግሌው፦ እሱ ምን ያስቀምጣል? ወንዱ ለአባት፣ ሴቷ ለእናት ተባለ፣ ሁለቱም እሺ አሉ። ቡና ሳይፈላ አለቀ።

ጠበቃዋ፦ እኔን እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። ለዛፍ ስንት ቀን ውላችሁ ለሁለት ነፍስ ቡና እስኪፈላ እንኳ አልቆያችሁም። በሬውን አንድ አንድ ብላችሁ ስታበቁ ልጆቹንም በዚያው ቁጥር አንድ አንድ አላችኋቸው።

ሽማግሌው፦ ቁጣሽ ይገባኛል፣ ግን ነገሩን ሳታውቂ አትፍረጂ። ይህን የምናደርገው ልጅ እንደ ከብት ይቆጠራል ብለን አይደለም። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ነው። አባትየው ሁለቱንም ልጆች ካጣ ቂም ይይዛል፤ እሷም ሁለቱንም ካጣች ታብዳለች። ወንዱ ነገ የአባቱን ሞፈር የሚይዝ ነው፤ ሴቷ ገና ከእናት ጉያ አልወጣችም። ደግሞም ሕጉ ራሱ እስከ አምስት ዓመት ልጅ ለእናት ነው ይል የለም እንዴ? ይኼን ከዳኛ አፍ ሰምቻለሁ።

ጠበቃዋ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ሕጉ ግን ተለውጧል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። ሰኔ 1992 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ያንን መስመር አስቀርቶታል። በዚህ ሕግ ዳኛ ፍቺ ሲወስን የሚያየው የአባትና የእናትን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። ዕድሜ ከሚታዩት አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይወስንም። ወንድ ስለሆነ ለአባት፣ ሴት ስለሆነች ለእናት የሚል ነገር ግን በአሮጌውም በአዲሱም ሕግ ውስጥ የለም።

ሽማግሌው፦ በእኛ ጊዜ የሽማግሌ ቃል ነበር የሚጸናው። በንጉሡ ዘመን አባቴ ሲቀመጥ አጠገቡ ሆኜ አይ ነበር። የጋብቻው ምስክሮች የነበሩት ናቸው ሲጣሉም የሚጠሩት፤ ሲያጋቡ ያዩ ሰዎች ሲያፋቱም ያያሉ። ዛሬ ፍቺ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲወስን ነው አሉን። ታዲያ እኛ ምን ልንሆን ተቀመጥን? መካሪ ብቻ?

ጠበቃዋ፦ መካሪነታችሁ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአሮጌው ሕግ አንዳንዱ መሻሩ ደግሞ ጥሩ ነው። ዝሙት ወይም ሁለት ዓመት ቤት ጥሎ መጥፋትን የመሰለ ከባድ ምክንያት ሳታሳይ ፍቺ የጠየቀች ሴት ንብረቷን የምታጣበት መንገድ ነበረ፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚል አንቀጽም ነበረ። እነ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት የታገለው እሱን ለማስቀየር ነው። የሽማግሌው ቦታ ግን አልጠፋም። ባልና ሚስት በስምምነት ሲፋቱ የፍቺውን ውጤት፣ የንብረቱንም የልጆቹንም፣ ራሳቸው ተስማምተው ጽፈው ማቅረብ ይችላሉ። የዚያ ወረቀት ደራሲ ብዙ ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው። ዳኛው ወረቀቱን ሲያጸድቅ ሐሳባቸው እውነተኛ መሆኑን፣ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን ያያል። የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ አይጠብቅም ብሎ ካመነ ፍቺውን አጽድቆ የጎደለውን ራሱ ይወስናል።

ሽማግሌው፦ ዳኛው ካረመው የእኛ መቀመጥ ምን ፋይዳ አለው?

ጠበቃዋ፦ ዳኛው ብዙ ጊዜ አያርመውም፣ ጋሼ፤ የሚፈራውም ይህ ነው። ፊቱ መዝገብ ይከመራል። የሁለቱን ፊርማና የሽማግሌዎቹን ስም አይቶ «ተስማምተዋል» ይልና ያጸድቃል። በአዲስ አበባ ያሉ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወላጆቹ ቤት ድረስ ልከው ያጣራሉ። ወረዳ ላይ ማን ይላካል? ስለዚህ ወረቀታችሁ ውስጥ የሌለውን ነገር ዳኛው ከየትም አያገኘውም። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት በብዙ ቦታ የወረዳ ፍርድ ቤት ሥራ ተስተጓጉሏል። ያን ጊዜ ሰው ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው። እናንተ የወሰናችሁት ሳይታረም ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

ሽማግሌው፦ ይኼ ከባድ ነው።

ጠበቃዋ፦ እስቲ ስለ ልጁ ልጠይቅዎት። ቤታቸው ከእርስዎ ቤት ቅርብ ነው። ልጁ እንዴት ውሎ ያድራል?

ሽማግሌው፦ ልጁ ጎበዝ ነው። ጠዋት ከብቱን ያወጣል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ማታ የሚያስገባውም እሱ ነው። እናቱ ከሄደች ወዲህ ግን… አባትየው ከሰል ሊያስጭን ሲሄድ ያመሻል፤ አንዳንዴም እዚያው ያድራል። ያን ጊዜ ልጁ ብቻውን ከከብቱ ጋር ነው የሚያድረው። አንድ ቀን ማታ በራቸው ላይ ባልፍ የቤቱን በር ከውስጥ በግንድ ደግፎ አገኘሁት። «ማነው?» አለኝ። ድምፄን ሲለይ ከፈተልኝ። ከምድጃው ላይ ድንች ጥዶ ነበር፤ ገና ጥሬውን ነበር የሚበላው። እኔ ዘንድ ወስጄ አሳደርሁት።

ጠበቃዋ፦ ይህን ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ነገሯቸው?

ሽማግሌው፦ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደግሞ አባትየውን በሰው ፊት ማዋረድ ይሆናል።

ጠበቃዋ፦ ከአሥር ገጽ ክስ ይልቅ ይህች ያዩዋት ነገር ለዳኛ ትጠቅማለች። አባትየው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ሥራው እንደዚያ ነው፤ ሌሊት የሚያሳድር ሥራ ነው። እናንተ ግን ማን ጋ ይደር ስትሉ ልጁ በዚያ ቤት ሌሊቱን ከማን ጋር እንደሚያድር አልጠየቃችሁም። «ለአባት» ተባለና ለባዶ ቤት ተሰጠ።

ሽማግሌው፦ እናትየዋ ጋ ቢሆንስ? እናቷ ዳንግላ ያላት አንድ ክፍል ቤት ነው። ደግሞ ሰዎች እንደሚሉት ዓረብ አገር ልትሄድ ወረቀት ጀምራለች። እሷ ስትሄድ ትንሿ ከአያቷ ጋር ልትቀር ነው። ታዲያ እኛ «ለእናት» ስንል ለአያት መስጠታችን ነው።

ጠበቃዋ፦ አዩ? ሁለቱንም ልጆች ለወላጅ ሰጠን ብላችሁ አንዱን ለባዶ ቤት፣ አንዷን ለአያት ሰጥታችኋል። ይህ ደግሞ በወረቀቱ ላይ አይታይም።

ሽማግሌው፦ ለአያት መሰጠት ነውር አይደለም። እኔም ያሳደገችኝ አያቴ ናት።

ጠበቃዋ፦ ነውር አይደለም፣ ሊጠቅምም ይችላል። ይህን በተመለከተ አንድ ውሳኔ ልንገርዎት፤ በየፍርድ ቤቱ ስሙ የሚነሣ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ጥቅምት 2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ነው። ነገሩ ከዚያን ጊዜው ደቡብ ክልል የተነሣ ነው። እናት ሞታ ሕፃኑን ለዓመታት ያሳደገችው አክስት ናት። አባት ያን ሁሉ ጊዜ ሳያሳድግ ቆይቶ በኋላ «ልጄን» ብሎ ከሰሰ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች «አንዱ ወላጅ ሲሞት ልጅ የሚገባው በሕይወት ላለው ወላጅ ነው» ብለው ለአባት ፈረዱ። ሕጉን እንደ ተጻፈ ካነበቡት አልተሳሳቱም። ሰበር ችሎቱ ግን ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ይዞ፣ ከወላጅ መብት በፊት የሕፃኑ ጥቅም ይታያል አለ። ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ።

ሽማግሌው፦ ከአባት ነጥቆ ለአክስት?

ጠበቃዋ፦ ነጥቆ አይደለም፤ ልጁ ከነበረበት አላነቃነቀውም። አባት አባትነቱ አልተሻረም። የታየው ልጁ ማን ጋ ተኝቶ እንደሚነሣ፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው ነው። ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ የባንጃም የዳንግላም ዳኛ ይመራበታል።

ሽማግሌው፦ በሕገ መንግሥቱ ሽማግሌም ተጠቅሷል?

ጠበቃዋ፦ በስም አልተጠራም። የሕፃናት ደህንነት ይቅደም ያለው ለፍርድ ቤቶች፣ ለአስተዳደር ባለሥልጣኖች፣ ለሕግ አውጪዎችና ለበጎ አድራጎት ተቋማት ነው። የእናንተ ወረቀት ግን መጨረሻው ፍርድ ቤት ስለሆነ ከዚያ አያመልጥም። ባያስገድድም እንኳ፣ ጋሼ፣ ልጁን በር ላይ አግኝተው ወስደው ያሳደሩት ማንም ሕግ ጠቅሶልዎት አይደለም።

ሽማግሌው፦ እሺ፣ እንግዲያው ምን ይሁን ትያለሽ? ሁለቱንም ለእናት? ሁለቱንም ለአባት?

ጠበቃዋ፦ አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ሁለቱ አይለያዩ። አባትና እናት ሲለያዩ ለልጅ የሚቀረው የለመደው ነገር ወንድሙ ወይም እህቱ ነው። ያንንም እናንተ አንድ አንድ ብላችሁ ወሰዳችሁበት። የትኛው ቤት ይሁን የሚለውን ግን እዚህ ተቀምጬ አላውቀውም። መጀመሪያ የሚታይ ነገር አለ። ልጆቹ ያደጉበት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከብቱ ያለው እዚህ ነው። ሕጉ ፍቺ ተጠይቆ ሳይወሰን በሚቆይበት ጊዜ፣ ከባልና ሚስት አንዱ ከጋራ ቤት ይውጣ ሲባል የልጆቹ ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ሰው ይታሰብ ይላል። እናትየዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ ከሁለቱም ልጆች ጋር ብትቆይና አባትየው ለጊዜው ወንድሙ ዘንድ ቢሆን ማን ይጎዳል?

ሽማግሌው፦ አባቱ ከሠራለት ቤት ውጣ ልንለው ነው? ልጄ፣ አንቺ እንጅባራ ቁጭ ብለሽ ነው የምትናገሪው። እሱ ይውጣ ቢባል እሷ እዚያ ብቻዋን አታድርም። የእሱ ወንድሞች ዙሪያውን ናቸው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሌሊት አብሯት አያድርም።

ጠበቃዋ፦ ልክ ነዎት። እሱን እኔ አላየሁትም። እንዲያ ከሆነ የእሷ ደህንነት ይቀድማል፤ እናታቸው የምትፈራበት ቤት ለልጆቹም አይሆንም። ታዲያ ይህንንም እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤ ዳኛው አያውቀውም።

ሽማግሌው፦ ዳንግላ ቤት ቢከራዩላትስ? ከዲከረንሱ የእሷ ድርሻ ተሽጦ?

ጠበቃዋ፦ ይቻላል። ለዚህ ነው የልጆቹ ነገር ከንብረቱ በፊት ይነሣ የምለው። ልጆቹ ከእሷ ጋር የሚሆኑ ከሆነ ንብረቱ ሲከፈል ላሟ ወዴት ትሂድ፣ ዛፉ አሁን ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ሁሉ መልኩ ይለወጣል። ንብረቱን ቋጭታችሁ ልጆቹን ስታነሡ ግን ልጆቹ የተረፈው ቦታ ላይ ይገባሉ።

ሽማግሌው፦ ቀለቡስ? ይህ ነው ሁልጊዜ የሚያባላን። በወር ይህን ያህል ብር ብለን እንጽፋለን፤ በሁለተኛው ወር ይቀራል። ገበሬ በየወሩ ብር ከየት ያመጣል? ደመወዝተኛ አይደለም። ዲከረንስ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው የሚሸጠው። እሱም አሁን በሽታ ገብቶበት ስንቱ ማሳ ቢጫ ሆኖ ደረቀ።

ጠበቃዋ፦ ለዚህ ነው «በወር» ብላችሁ መጻፍ የሌለባችሁ። ገቢው እንደሚመጣ ጻፉት። ድንች ሲነሣ ይህን ያህል፣ እህል ሲወቃ ይህን ያህል ኩንታል፣ ከሰል ሲሸጥ ከገንዘቡ ይህን ያህል እጅ ለልጆቹ። ከተስማሙ በእህልም ይቻላል። ትምህርት ሲከፈት ደብተርና ልብስ በማን በኩል እንደሚገዛ ይጻፍ። ማሳው በበሽታ ከተመታ ደግሞ «ገቢዬ ቀንሷል» ብሎ ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ይችላል። እሷም ልጆቹ አድገው ወጪው ሲጨምር ትጠይቃለች። የሴቶቹ ችግር ሌላ ነው፤ አፍረው ዝም ይላሉ። በፌዴራሉ ሕግ ቀለብ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ የግድ ያስፈልግ እንደነበር ካልተረጋገጠ በስተቀር ይቀራል። «ይሻለው ይሆናል» እያለች ዓመት የምትጠብቅ እናት የልጆቿን ቀለብ በገዛ ትዕግሥቷ ታጣለች። ይህን ንገሯት። ለአባትየውም፣ እያለው ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉም እንደሚያስጠይቅ ንገሩት። ለማስፈራራት አይደለም፤ ቀለብ የሚስት ሳይሆን የልጅ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። ብዙ አባት «እሷን አልቀልብም» እያለ ነው ልጁን የሚያስርበው።

ሽማግሌው፦ እሱ አለ። «ሄዳ ለምትኖር ሴት ለምን?» ይላሉ።

ጠበቃዋ፦ በተቃራኒውም አለ። ቀለብ ስላልሰጠ ልጁን እንዳያይ የምትከለክል እናት አለች። ሁለቱ አይገናኙም። ቀለብ ሳይሰጥ የቀረ አባት በቀለቡ ይጠየቃል፤ ልጁ ግን አባቱን የማየት መብቱ በእሱ ጥፋት አይቀርም። ስለዚህ መገናኛውን በደንብ ጻፉት። «አልፎ አልፎ ያያል» ብሎ ነገር የለም። በየትኛው ቀን፣ ማን ይወስዳል፣ ማን ይመልሳል፣ የመኪናውን ማን ይከፍላል? የትምህርት ዕረፍቱስ ማን ጋ ነው?

ሽማግሌው፦ ጥር 23 ለእሱ ይሁን። ልጁ ከአባቱ ኋላ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው ያደገው። የፈረሰኞቹ በዓል ዕለት ከአባቱ ጋር ካልሆነ ለልጁም ሞቱ ነው።

ጠበቃዋ፦ ይህን ነው የምፈልገው! ይህን እኔ በምን አውቀዋለሁ? ጻፉት፤ «በየዓመቱ ጥር 23 እና ከዋዜማው ጀምሮ ከአባቱ ጋር» ብላችሁ ጻፉት። አባትየውም ልጁን በሙሉ እንዳልተነጠቀ ይሰማዋል። እርስዎ ቅድም የፈሩት ቂም የሚበርደው ልጆቹን ከፋፍሎ በመስጠት አይደለም። የእሱ የሆነው ቀን የታወቀና የማይነካ ሲሆን ነው።

ሽማግሌው፦ ልጁን ራሱን ብንጠይቀው ምን ትያለሽ? አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያስባል።

ጠበቃዋ፦ የሕፃናት መብቶች ስምምነቱም ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይሰማ ይላል። አጠያየቁ ግን ያስፈራኛል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አባት በአንድ ወገን እናት በሌላ ተቀምጠው «ማንን ትወዳለህ?» ሲሉት አይቻለሁ። ልጁ መሬት መሬት ያያል፣ ከዚያ ቅርቡ የቆመውን ይጠራል። ያን ቀን የጠራውም ያልጠራውም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ሽማግሌው፦ እንዲያ ማድረግስ ጭካኔ ነው። ልጅን በወላጁ ላይ ምስክር ማቆም ነው።

ጠበቃዋ፦ እርስዎ ብቻዎን፣ ከብት ሲያግድ ወይም መንገድ ላይ፣ ስለ ውሎው ይጠይቁት። ማታ ማን እራት ይሠራል? እህትህን መቼ አየሃት? ትምህርት ቤት የቀረህበት ቀን አለ? ማን ይሻልሃል አይበሉት። የሚናገረው ይበቃል። ከአስተማሪውም ይጠይቁ፤ ከመቼ ጀምሮ መቅረት እንዳበዛ መዝገቡ ላይ አለ።

ሽማግሌው፦ አንድ የሚከነክነኝ አለ። ይህን ሁሉ ጽፈን ከሦስት ወር በኋላ ነገሩ ቢለወጥስ? እሱ ሌላ ሚስት ቢያገባ፣ እሷ ዓረብ አገር ብትሄድ፣ እንደገና ልንቀመጥ ነው? የእኛ ሽምግልና ጥሩነቱ ነገር መቋጨቱ ነው። አንድ ጊዜ «አልቋል» ከተባለ አለቀ።

ጠበቃዋ፦ የንብረቱ ነገር ይለቅ። በሬው ከተከፈለ ተከፈለ። የልጅ ነገር ግን እስኪያድግ አያልቅም፤ ሕጉም አልዘጋውም። ሁኔታው ሲለወጥ አሳዳጊነቱም ቀለቡም መገናኛውም እንደገና ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «እናትየዋ ከአገር ከወጣች ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ አባትና ሽማግሌዎች ሳይሰሙ አይወሰንም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። እንጂ ዛሬ ፈርመው፣ ነገ እሷ ቦሌ ስትገባ ልጆቹ የት እንዳሉ አባት ከጎረቤት አይስማ። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ፤ ፍርድ ቤት ፍቺ የተጠየቀ ዕለት አያፋታም። እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እናንተም ያን ጊዜ ተጠቀሙበት። ልጆቹን ለዚያ ጊዜ አንድ ቦታ አድርጋችሁ እንዴት እንደሚሆኑ እዩና የመጨረሻውን ያን ጊዜ ጻፉ።

ሽማግሌው፦ ሌሎቹ ሽማግሌዎች እሺ አይሉኝም። «ይህ የከተማ ነገር ነው፣ የእህትህ ልጅ አስተምራህ ነው» ይሉኛል።

ጠበቃዋ፦ ስለ እኔ አይንገሯቸው። ያን ማታ ስለ ልጁ፣ በሩን በግንድ ስለ መደገፉ ይንገሯቸው። ማን ይሆን የሚከራከርዎት?

ሽማግሌው፦ አባትየው ፊት?

ጠበቃዋ፦ መጀመሪያ ለብቻው ይንገሩት። እሱም አባት ነው። ልጁ ብቻውን እንዳደረ የሚያውቅ አይመስለኝም። አውቆም ከሆነ፣ ሰው ማወቁን አያውቅም።

ሽማግሌው፦ እነግረዋለሁ። ሰኞም ከዲከረንሱ በፊት ልጆቹን አነሣለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ እላለሁ፤ ጥር 23ንም አስጽፋለሁ። ግን የዓረብ አገሩ ነገር እርግጥ ከሆነስ?

ጠበቃዋ፦ ያን ጊዜ የሚታዩት አያትየው ናቸው። አቅማቸው እንዴት ነው፣ ዓይናቸው ያያል፣ ሁለት ልጆች ይችላሉ? ሄዶ ማየት እንጂ በወሬ አይሆንም።

ሽማግሌው፦ ነገ በጠዋቱ መኪና ዳንግላ እንሂድ። ለአባትየው ግን ማታውኑ ልንገረው፤ ሳላውቅ ሄዱ እንዳይል።